ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ጎብኚ

የጣውላ መጋዘኑ ጸሐፊ በመናፍስት አታምንም ነበር። «የሞተ ሰው ምን ቸግሮት ይመለሳል?» እያለች የምትቀልድ ልጅ ነበረች።

የስልክ መስመረኛውን ያወቀችው የቢሮው ስልክ ተበላሽቶ ሊጠግን ሲመጣ ነው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን ቀጠለ፤ ወርዶ ግን ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር እየጮኸ የሚገባ፣ አንድ ገጽ እስኪከፍት ዕድሜ የሚጨርስ ነበር።

«ስዕሉን አጥፊው» አላት፣ ብራውዘሩን እያስተካከለላት። «ፊደል ብቻ ይምጣልሽ፤ ይፈጥናል።»

«መልክ የሌለው ነገር ምኑ ያምራል?»

«መልክማ እዚሁ እያየሁ…» አለና ራሱ ደነገጠ። ነገሩ ያለቀው ባልጨረሰው በዚያ ቃል ነው።

ወደ ሩቅ የስልክ ጣቢያ ሲዛወር አንድ ገጽ ሠራላት። «አለሁ» ከሚል ቃልና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ከሚቆጥር ቁጥር በቀር ምንም የለበትም። አድራሻውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አለቃዋ በምሳ ሰዓት የሚፈቅድላት አምስት ደቂቃ ለደብዳቤ አይበቃም፤ ገጹን ከፍቶ ቁጥር ለመጨመር ግን ይበቃል። እሷ በምሳ፣ እሱ በአሥር ሰዓት ይከፍቱታል። ቁጥሩ በቀን ሁለት ከጨመረ ሁለቱም ደህና ናቸው ማለት ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ አክስቷ ቤት ይደውላል።

አንድ እሁድ አክስቷ ስልኩን አንስታ ጥቂት አወራችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጣች።

«ልጄ፣ ቻዪው። ልጁ ከምሰሶ ወድቆ ሞተ አሉ።»

ሁለት ወር አለቀሰች፤ ገጹንም አልከፈተችም። አክስቷ በበኩሏ ጊዜ አላባከነችም። «ደህና ባለሀብት ጠይቆሻል፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪው። ሙት ታቅፈሽ አትኖሪም» አለቻት።

ሰኞ፣ ልትሰናበተው ገጹን ከፈተች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ ድሮ ስንት ላይ እንደተወችው ግን ትዝ አላላትም። ማክሰኞ አላስችል ብሏት ደገመችው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መሆን ሲገባው አሥራ አራት ሆኖ ጠበቃት።

ዞር ብላ አየች። የተደረደረ ጣውላ ብቻ ነው።

ረቡዕ አሥራ ስድስት አለ። ብርድ ብርድ አላት። መስመሩ ሲገናኝ የሚያሰማው ጩኸት ውስጥ የሰው ትንፋሽ ያለ መሰላት። የሚያሳፍረው ደግሞ ፍርሃቱ ውስጥ ደስታ መኖሩ ነበር፤ ምንም ይሁን ምን፣ መምጣቱን አልጠላችውም።

ሐሙስ ቆረጠች። ገጹን አሥር ጊዜ ደጋግማ ከፍታ ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ላይ ተወችው። ዓርብ ስትከፍተው ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆኗል። ለአሥሩ አሥር ተመልሶላታል። ሙት ያስፈራል ሲባል ሰምታለች፤ ቆጥሮ ይመልሳል ሲባል ግን ሰምታ አታውቅም።

ኢንተርኔቱን ዘግታ በዚያው ስልክ ወደ ጣቢያው ደወለች።

«አቤት፣ ጣቢያ» አለ ድምፁ።

«እኔ… ነኝ።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲወድቅ ተሰማት።

«አትሂጂ» አለ በሹክሹክታ። «የፈለግሽውን ሁኚ፣ ብቻ አትሂጂብኝ።»

«ምን ነካህ? አንተ አይደለህ እንዴ የሞትከው!»

«እኔ? አክስትሽ ‹ትኩሳት ወሰዳት፣ ቀበርናት፣ ከእንግዲህ አትደውል› አለችኝ። ገጹን በየቀኑ መክፈት ግን አልተውኩም። ሰኞ ቁጥሩ በአንድ ፈንታ በሁለት ሲጨምር ነፍስሽ መጣች ብዬ ተንቀጠቀጥኩ። ትናንት አሥር ጊዜ ስትመጪ ደግሞ፣ እንዳይከፋት ብዬ አሥሩንም መለስኩ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳቁም ለቅሶውም እኩል መጣባት።

«ነገውኑ እመጣለሁ» አላት።

«ነገ እኮ ለአንድ ባለሀብት መልስ ስጪ ተብያለሁ።»

«ምን ልትዪው ነው?»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔ ምን አገባኝ! አክስቴ ‹ሞታለች› ትበለው። እሷ እንደሆነች ለምዳዋለች።»