የደረት ኪሱ ቁልፍ

ወታደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ የገባው የክብር ኮቱን በክንዱ፣ አንድ የወለቀ ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወጣት እዚያው ተከለችለት።

በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«ይሄ አልተበጠሰም። በምላጭ ነው የተቆረጠው።»

«አይጥ ይሆናል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«የሰፈራችሁ አይጥ ምላጭ ይይዛል?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን ቁልፍ አጥብቃ መስፋት ተወች።

ሊያገባት ሲጠይቅ እናቷ እምቢ አለች። ክፉ ሆና ሳይሆን ፈርታ ነው። ልጇ ዐሥር ደቂቃ ከዘገየች መንገድ ላይ ወጥታ የምትቆም ሴት ናት።

«ለወታደር ልጅ አልሰጥም። በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጪ ልትኖሪ ነው?»

ልጅቷ ይህንኑ ለወታደሩ ነገረችው። «አገልግሎትህን ጨርስና ና። ያኔ እሺ ትላለች።»

«ሰባት ወር ነው የቀረኝ። አንቺስ እሺ ትያለሽ?»

«ቆይ» አለችው። መቀሷን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ የክብር ኮቱን የደረት ኪስ ቁልፍ ዓይኗ እያየ ቆረጠና መዳፏ ላይ አኖረው።

«ይቺን ስመለስ ትተክያታለሽ። መልሱንም ያኔ ትነግሪኛለሽ።»

በአምስተኛው ወር ግንባር ላይ ሞተ። ሁለት የቆሰሉ ጓዶቹን ከተኩስ መሐል ጎትቶ አውጥቶ፣ ሦስተኛውን ሊያመጣ እንደተመለሰ ቀረ። የጀግንነት ሜዳሊያ እንደሚሰጠው ተነግሮ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፉ ሰፋችው። ካቆመች ምን ሆንሽ ይሏታል፤ የእሱ ምኑ ነኝ ትላለች? ለሐዘኗ ያጽናሽ ያላት ሰው አልነበረም።

በሽልማቱ ዋዜማ ጥቁር የለበሱ ሴት ኮቱን ይዘው ገቡ።

«ነገ ኮቱን ሰቅለው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሊያደርጉለት ነው። የኪሱ ቁልፍ የለም፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግሁ። ልጄ በሰው ፊት ኪሱ ተከፍቶ አይታይም።»

ልጅቷ መሳቢያዋን ከፈተችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሴትዮዋ ቁልፉን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«በምላጭ ሲቆርጥ ይዤው ተቆጥቼ ነበር። ‹ሥራ እንዳትፈታ ብዬ ነው እማዬ› አለኝ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ግን እማማ… ቆይ አልኩት እንጂ እሺ አላልኩትም። አንድ ቀን እንኳ አላልኩትም።»

ሴትዮዋ የኮቱን እጅጌ በጣታቸው ዳበሱ።

«እኔም አትሂድ አላልኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ወንበር ሰጥተውኛል። አባቱ የለም። አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ።»

ልጅቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«በይ ስፊው ልጄ። አጥብቂው።»

መርፌዋን አነሳች። ክሩን ደጋግማ አዙራ ሦስት ጊዜ ቋጠረችና ቁልፉን ጎተት አድርጋ ሞከረችው።

አልተነቃነቀም።