ጀርባውን ለቂብላ የሰጠ ሬሳ

ኩኩ የላንድክሩዘሩን የኋላ በር የከፈተችው ድስቶቿን ልትጭን ነበር። የድንኳኑን ሸራ ገለጥ ስታደርግ አለቃዋ ዘይኑልአቢዲን ፍራሾቹ ላይ ተኝቷል። እንቅልፍ የጣለው መስሏት «ጋሽ ዘይኑ፣ ነግቷል እኮ» አለችው። ቀጥሎ አገጩ በገዛ ሻርፑ ከአናቱ ጋር መታሰሩን አየች። ጩኸቷን ሰምቶ ያልወጣ የኮምቦልቻ ጎረቤት አልነበረም።

ኢንስፔክተር ረሂማ ከደሴ ስትደርስ የከተማው ፖሊስ ስማቸው የተባለውን ሾፌር በካቴና አስሮ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ረሂማ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ የማይደክማት ሴት ናት።

«መኪናውን ያመጣው እሱ፣ እዚህ ያደረው እሱ፣ ቁልፉም የተገኘው እሱ ኪስ ውስጥ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ሾፌር ኪስ ውስጥ ቁልፍ መገኘቱስ እጅግ ያስጠረጥራል» ብላው ወደ መኪናው አለፈች።

ሟቹ ከጆሮው ጀርባ ተመትቷል። የመኪናው የክሪክ ብረት በጨርቅ ተጠርጎ ከጎኑ ተቀምጧል። ከዚያ በቀር ግን የግድያ ቦታ አይመስልም። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እጆቹ ተስተካክለዋል፣ በቀኝ ጎኑ በወጉ ተጋድሟል። ረሂማ አባቷንም ባሏንም ያስተኛችው በዚሁ ወግ ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጠጋ ብሎ ሰውየው ከተመታ በኋላ ወዲያው እንዳልሞተ ሲነግራት ለጊዜው ለማንም እንዳይናገር አዘዘችው።

«ኩኩ፣ ዘይኑ እዚህ ግቢ ሲሰግድ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደዚያ ወደ ዝግባው ነው።»

ዝግባው በሰሜን ነው። የሟቹ ፊት ደግሞ ወደ ደቡቡ አጥር። እንዲያ በጥንቃቄ የተጋደመ ሰው ጀርባውን ለቂብላ፣ ሙስሊም ሲሰግድም ሲቀበርም ለሚዞርበት ለመካ አቅጣጫ፣ ሰጥቷል።

«ነክተሽዋል?»

«በማርያም፣ ጣቴንም አላሳረፍኩ።»

«ጫማውስ የት አለ?»

«የምን ጫማ?»

«እኔም የምጠይቅሽ እሱኑ ነው።»

ሟቹ በካልሲ ብቻ ነበር። ግቢው ከጉድጓዱ እስከ ጣሪያው ተፈተሸ፤ የእሱ የሆነ ጫማ አልተገኘም።

ዘይኑልአቢዲን ደሴ ላይ ትንሽ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ይህን ግቢ ይዞ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ነበር። በባቲ በኩል አፋር ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ ወደሚመጣለት የጨው ሸለቆ ይወስድ ነበር። ግድግዳውም ወለሉም ጨው የሆነ ገደል ነው። በማግስቱ አዲስ እንግዶች በአውሮፕላን ሊገቡ፣ ጉዞውም ሊጀመር ቀጠሮ ተይዟል።

«ይህን መኪና ሽጡት ብዬ ነበር» አለች ኩኩ እንባዋን እየጠረገች። «ሀፊዝ ከጠፋ ወዲህ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።»

ሀፊዝ የዘይኑ ረዳት መሪ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሸለቆው ውስጥ አውሎ ነፋስ ተነስቶ ጠፋ ተባለ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ዛሬም የደሴውን ቢሮ የምታስተዳድረው እህቱ ፈትሂያ ናት። ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ስለ ሙት ብዙ አያወሩም፤ እነዚህ ግን ሀፊዝ ይቀመጥበት የነበረው የኋላ ወንበር ላይ ማንም እንዲቀመጥ አይፈቅዱም ነበር።

ረሂማ መጀመሪያ የሟቹን ሸሪክ ወንድምአገኘሁን አስጠራች። ሰውየው ሳይጠየቅ መናዘዝ ጀመረ።

«ትናንት መጣላታችንን ይነግሩሻል። አዎ፣ ተጣልተናል። ደሴ ቁጭ ብለን መንገዱን ስናወጣ ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«እንግዶቹ የሚመጡት ሦስቱን የጨው ምሰሶ ሊያዩ ነው። ዘይኑ ግን በምሰሶዎቹ አናልፍም፣ በምሥራቅ ዞረን ነው የምንገባው አለ። ያኛው መንገድ ግማሽ ቀን ይጨምራል፤ የሚታይ ነገርም የለበትም። ለምን አልኩት። በዚያ በደሴ ብርድ ላብ አጠመቀው።»

«ድሮም በምሥራቅ ነበር የሚዞረው?»

«ሀፊዝ ከጠፋ ወዲህ ወደ ሸለቆው ስንሄድ ይህ የመጀመሪያችን ነው።»

«ማን ማን ሰማ?»

«ስማቸውና ፈትሂያ። እኔና ኩኩ ከዚያ ገበያ አድርገን በሚኒባስ ወረድን።»

ስማቸው የኩታበር ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ከውስጥ የማይወጣ። ረሂማ ካቴናውን አስፈትታ ውሃ አስመጣችለት።

«ቁልፉን ማን ሰጠህ?»

«ፈትሂያ ናት፣ እትዬ። አክስቴን ተሰናብቼ ስመለስ ጭነቱ አልቆ ሸራ ለብሶ ነበር። ዘይኑ በሚኒባስ ይከተልሃል፣ ሳይመሽ ውረድ አለችኝ። ወረድኩ። አልመጣም። ደሴ አድሮ ይሆናል ብዬ ተኛሁ።»

«መንገድ ላይስ ምን ገጠመህ?»

ስማቸው ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ አስቀመጠው። «ይስቁብኛል።»

«እኔ ከሳቅኩ ቆየሁ። ተናገር።»

«የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላዬ ሰው ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሸራውን የሚቧጥጥ ሰማሁ። ሀፊዝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ሸለቆው ውስጥ ስሙን እየጠራን ስንዞር ገደሉ ስሙን መልሶ ይጠራብን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። በስመ አብ ብዬ ነዳሁ።»

«ዞረህ አላየህም?»

«ብዞር የማየው እሱን ነዋ።»

ረሂማ ቃሏን ጠብቃ አልሳቀችም። ሾፌሩ ከወጣ በኋላ ግን የሐኪሙን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ከሾፌሩ ቃል ጎን ጻፈች። ሙት አይተነፍስም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም ማወቁ አይቀርለትም።

ደሴ ላይ ቢሮው የእማ ሉባባ ቤት የፊት ክፍል ነው። እማ ሉባባ የፈትሂያና የሀፊዝ እናት ናቸው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ረሂማንም አልማሯትም።

«ከአፋር ነው የመጣሽው፣ ልጄ? ተገኘ?»

«አይ እማ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ።»

«አብሽሪ፣ ግቢ። ኮምቦልቻም የአፋር ደጅ ነው።»

ፈትሂያ ዓይኗ አብጧል፤ ሰላምታዋ ግን የተስተካከለ ነው። ረሂማ ለሟቹ አላህ ይርሐመው ካለች በኋላ ግቢውን ዞራ አየች። ከአንድ መኪና በላይ የማይዝ ጠባብ ግቢ ነው፤ በሩ በምሥራቅ በኩል።

«እዚህ መኪና እንዴት ይገባል?»

«በኋላ ማርሽ ብቻ ነው። አፍንጫው ሁሌ ወደ በሩ ነው።»

«እናትሽ ትናንት እዚሁ ነበሩ?»

«ጎረቤት ለቅሶ ውለው ሲመሽ ነው የመጡት። እኔም ከዚያ ወዲህ ከአጠገባቸው አልተለየሁም።»

«ዘይኑስ እንዴት ሄደ?»

«ጭነቱን አስተካክሎ በእግሩ ወደ መናኸሪያ ወረደ።»

«ምን ተጫምቶ?»

ፈትሂያ ዓይኗን ወደ ጓሮው ጣል አደረገች። «የጉዞ ቡትሱን። ሌላ አይጫማም።»

«የአስር ሰላት ደርሷል፤ መስገጃ ዘርጊልኝ» አለች ረሂማ። ለሰላቱ ታጥባ ውዱእ ልታደርግ ወደ ጓሮ ሄዳ ከልክ በላይ ቆየች። ስትመለስ ፈትሂያ መስገጃውን መኪናው በሚቆምበት ቦታ ላይ ዘርግታላታለች፤ ወደ በሩ ለቆመ ሰው በግራ በኩል ወዳለው ግድግዳ። ረሂማ ሰገደች፣ አመሰገነች፣ ከዚያም እናትና ልጅን አስከትላ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች።

ሁሉም በግቢው መኪናውን ከብበው ቆሙ። ለእማ ሉባባ ወንበር ወጣላቸው። ረሂማ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች።

«ሁላችሁም ዘይኑ ወደዚህ መጥቶ የተገደለ መስሏችኋል። እኔን ያልጣመኝ አተኛኘቱ ነው። ያጋደመው ሰው ወጉን ያውቃል፤ አሳዝኖታልም። ታዲያ ይህን ሁሉ የተጨነቀ ሰው እንዴት ጀርባውን ለቂብላ ይሰጠዋል?»

«የማያውቅ ሰው ይሆናላ» አለ ወንድምአገኘሁ። «ለምሳሌ እንደ እኔ ያለ ክርስቲያን።»

«አንተ፣ ቂብላ የት ነው?»

ወንድምአገኘሁ ሳያስብ እጁን ወደ ዝግባው ዘረጋ።

«ይኸው። ወሎ ውስጥ ግማሽ ዘመዱ እስላም ያልሆነ ክርስቲያን ካለ አምጡልኝ። ያጋደመው ሰው አልተሳሳተም፤ የዞረው መኪናው ነው። እዚህ አፍንጫው ወደ ምዕራብ ነው። ደሴ ላይ ግን ወደ ምሥራቅ ነበር። ሬሳው እንደተጋደመ መኪናውን ደሴ መልሱት፤ ፊቱ ልክ ቂብላ ላይ ይወድቃል።»

ስማቸው ወደ መኪናው አየና ፊቱን መለሰ።

«ሁለተኛው ነገር ጫማው ነው። ሰው ከደሴ ኮምቦልቻ በካልሲ አይወርድም። ዘይኑ ፍራሽ ላይ ሊወጣ ጫማውን አወለቀ፤ እንግዳ የሚተኛበትን ፍራሽ ማን በጫማ ይረግጣል? ተንበርክኮ ጭነት ሲያስተካክል ከኋላ ተመታ። መሸከም አላስፈለገም፤ የወደቀው መኪናው ውስጥ ነው። ጫማው ግን መሬት ላይ ቀረ።» ከቦርሳዋ ቡናማ ቡትስ አወጣች። «ከጓሮው ጀሪካኖች ኋላ ነበር።»

ኩኩ «የእሳቸው ነው» አለች ሳትጠየቅ።

«እነ ኩኩ ቀድመው ወርደዋል፤ ስማቸው አክስቱ ዘንድ ነበር። ከዘይኑ ጋር የቀረ አንድ ሰው ነው። ስማቸውን ውረድ ብሎ የላከውም፣ ተጫምቶ ሄደ ያለኝም ያው ሰው ነው። ፈትሂያ፣ እኔ ልጨርሰው ወይስ ትጨርሺዋለሽ?»

ፈትሂያ እናቷን ነበር የምታየው።

«በምሰሶዎቹ አናልፍም ሲል ገባኝ» አለች። «ሀፊዝ የጠፋበትን አላውቅም ሲለን የኖረውን ቦታ ነው የሸሸው። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኩት። የሀፊዝ እግር ተሰብሮ ነበር። ውሃው አያደርሰንም፣ እመለሳለሁ ብዬው ሄድኩ፤ ስመለስ አልፎ ነበር አለኝ። የአስጎብኚ ፈቃዴን እንዳይነጥቁኝ ፈርቼ፣ ጨው ከምሬበት፣ ጠፋ አልኳችሁ አለ። አልቅሶ ነው የነገረኝ፣ ወላሂ ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም። ቂብላ አዙረኸዋል ወይ አልኩት። አላስታውስም አለኝና ፍራሹን ማስተካከል ቀጠለ።»

እማ ሉባባ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ከወደቀ በኋላ ሀፊዝን መሰለኝ። እሱን ማንም አላዞረልኝም። ይህንን አዞርኩት። ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ የለም። ከዚያ ነው ሸራውን ያለበስኩት።»

ረሂማ የሐኪሙን ቃል መናገር እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን እንደ ዳገት ከበዳት። የተናገረው ስማቸው ነበር።

«ነበረ። ትንፋሽ ነበረው፣ ፈትሂያ። ሐረጎ ላይ ሰምቼዋለሁ። ሀፊዝ ነው ብዬ ነው ያላቆምኩት።»

ፈትሂያ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እሱ ወንድሟን በሕይወት እያለ ትቶ ሄዷል፤ እሷም እሱን በሕይወት እያለ አገጩን አስራ ትታዋለች። ይህን ማንም አልተነተነላትም፤ ራሷ ገብቷታል። ስማቸው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ያለቅሳል። ረሂማም እንባዋን አልደበቀችም።

«ምሰሶዎቹ ጋ የት ነው?» አሉ እማ ሉባባ።

«የመካከለኛው ምሰሶ ጥላ ሥር ነው ያለኝ፣ እማ» አለች ፈትሂያ። « የጨው ድንጋይ የተከመረበት።»

ወንድምአገኘሁ ስልኩን አወጣ። እንግዶቹን እሱ እንደሚመልሳቸው ተናገረ። ስማቸው መኪናው ከፖሊስ ሲለቀቅ እማ ሉባባን ከፊት አስቀምጦ በምሰሶዎቹ በኩል እንደሚነዳ ማለ፤ ረሂማም ፈቃዱን አወጣለሁ አለች። ፈትሂያ እንደማትሄድ ግን ለማንም መናገር አላስፈለገም። ፖሊሱ ቀርቦ እጆቿን ሲያስር አልተከላከለችም።

እማ ሉባባ ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቧ ቆሙ።

«የወንድምሽን ከፈን ስንት ክንድ ላስቆርጥ? ቁመቱ ከዓይኔ ጠፍቷል። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ፈትሂያ ከመሬት ተነስታ አንድ እጇን ከራሷ በላይ ልታነሳ ስትሞክር ካቴናው ሌላውንም አብሮ አነሳው። «እስከዚህ ነበር፣ እማ» አለች።

እናትየው ሁለቱን እጆች ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ቀብሬው ስመለስ በሩን ማን ይከፍትልኛል?» አሉ።