በላይኛው በኩል የተጣራችው

ይህን ያጫወቱኝ ጎረቤቴ አቶ ሰንበታ ናቸው። ሰውየው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት። የአዳማ ፀሐይ ገና አልበረደችም።

አቶ ሰንበታ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ቴክኒሻን ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ከሩቅ ሰው ጋር የሚያነጋግር፣ ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ አላቸው። አንድያ ልጃቸው ቢሊሴ አዳሚ ቱሉ ሥራ ስትይዝ፣ ለእሷም ትንሽዬ ገዙላት። እሑድ እሑድ በአሥር ሰዓት ያወራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይምታታባት ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ሳይድባንድ የሚባል የላይኛውና የታችኛው ጎን አለው፤ በእነሱ ሞገድ የሚመረጠው የታችኛው ነው። እሷ ረስታ የላይኛውን ትመርጣለች። ያኔ ድምጿ ተንጋዶ እንደ ዳክዬ ይንጫጫል። ቃሉ አይለይም።

የመጨረሻዋ እሑድም እንዲሁ ሆነ።

አቶ ሰንበታ ማዞሪያቸውን ወደ ላይኛው ቢቀይሩት ይሰሟት ነበር። አልቀየሩም።

«ስህተቷን ራሷ ታግኘው» ብለው ዝም አሉ።

ግማሽ ሰዓት ተንጫጫች... ከዚያ ጠፋች።

ሰኞ ጠዋት መቂ አካባቢ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

በሥራ ቀን ለምን እንደተነሳች ማንም አላወቀም። አቶ ሰንበታ በገዛ እጃቸው አፈር አለበሷት።

ስምንት ወር አለፈ። መጀመሪያ ባልኩት እሑድ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፈቱት።

ተንጫጨ...

በዚያው ሞገድ። በዚያው ሰዓት።

ማዞሪያውን ወደ ላይኛው ቀየሩት። ጠቅ።

«...አባ? ትሰማኛለህ?»

ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጉዲቱ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«የቢሊሴ አባት...» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ናት?»

«ዝም በይ!»

«አባ፣ ስልኩም እምቢ አለኝ። ምነው ዝም አልከኝ? አሞህ ነው? ጨነቀኝ እኮ... ካልመለስክልኝ ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

ማይኩን አፈፍ አደረጉት።

«ቢሊሴ! ደህና ነኝ! አትምጪ ልጄ... አትምጪ!»

ጭጭ።

«ምንም አይሰማኝም» አለች። «በቃ፣ መጣሁ።»

ጠፋች።

ወይዘሮ ጉዲቱ መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

«ለካ አንተን ብላ ነው የወጣችው...» አሉ።

አቶ ሰንበታ ሬዲዮውን አጠፉት። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሱም።

በሚቀጥለው እሑድ በላይኛው በኩል ጠበቋት። ምንም የለም። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ተስፋ ቆርጠው ወደ ታችኛው መለሱት።

የሽማግሌ ድምፅ... ጥርት ብሎ።

«ሰማሁሽ ልጄ። ሰማሁሽ። እዚያው ሁኚ፣ እኔ እመጣለሁ...»

የራሳቸው ድምፅ ነበር።

ይህን ቃል ግን ገና አልተናገሩትም። ማይኩ ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። አፋቸውም ዝግ ነው።

ከድምፁ ጀርባ፣ ራቅ ብላ... ቢሊሴ ትስቃለች።