የጆዲ አባት ግድግዳ

«መብራቱን አብሪልኝ፣ ታም» አለች እናቷ።

ታምሲን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መብራቱ በርቷል። ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው።

«በርቷል እኮ፣ እማ።»

እናቷ ጊል ቢላዋውን አስቀመጠች። መክተፊያው ላይ ያለው ካሮት ገና ግማሹ ነው የተከተፈው። «እሺ» አለች፤ «እንግዲያው አንቺ ጨርሺው። ደክሞኛል።»

እንዳልደከማት ታምሲን ታውቃለች። ቅዳሜ ነው፤ ቀትር ላይ ነው፤ ውጭ ፀሐይ አለ። ወጥ ቤቱ ግን እንደ ምድር ቤት ጨልሟል።

የጊል ዓይን ከልጅነቷ ጀምሮ እያደር የደከመ ዓይን ነው። ሐኪሞቹ ረጅም ስም አላቸው ለበሽታው፤ እሷ ግን ሰው ሲጠይቃት «ብርሃን ሲኖር አያለሁ፣ ብርሃን ሲጠፋ አብሬው እጠፋለሁ» ብላ ትስቃለች። ይህን ቤት የመረጠችውም በወጥ ቤቱ መስኮት ምክንያት ነው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ መስኮት ትገባ ነበር። ጊል ሌላ ቦታ ሰው እጇን ይዞ ቢመራትም እዚያ መስኮት ሥር የማንንም እርዳታ አትፈልግም ነበር። ሾርባውን፣ ጥብሱን፣ የፖም ኬኩን ራሷ ትሠራለች።

አሁን በመስኮቱ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ነው። ከጎረቤት ቤት ጀርባ ተነስቶ፣ በሁለቱ ጓሮዎች ድንበር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አዲስ የጡብ ግድግዳ። ጠንካራ አምፖል ገዝተው ሞክረው ነበር፤ የጊልን ዓይን ከመውጋት በቀር የፈየደው ነገር የለም።

ታምሲን ካሮቱን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ፣ ከእናቷ እጅጌ ሥር ነጭ ፋሻ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። ምጣዱን ነክቼው ነው።»

«መቼ?»

«አንቺ ደግሞ! ክተፊ አሁን።»

ጎረቤታቸው ጆዲ ናት፤ ታምሲን መራመድ ከጀመረች ወዲህ ያለች ጓደኛዋ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ስለሆኑ፣ ትንንሾች ሳሉ ከመተኛታቸው በፊት ግድግዳውን እየደበደቡ ደህና እደሪ ይባባሉ ነበር። በገና ሰሞን የጆዲ አባት ዳረን ከቤቱ ጀርባ ለሚጨምረው ክፍል መሠረት ማስቆፈር ሲጀምር ታምሲን ጠይቃት ነበር፤ «ወደ ጓሮ ይሄን ያህል መውጣት ይፈቀዳል እንዴ?» ብላ። ጆዲ «አዎ፣ ፈቃድ አውጥተናል» አለቻት። ታምሲን ለእናቷ ነገረቻት። እናቷም «ፈቃድ ካላቸውማ የአካባቢው ምክር ቤት አይቶት ነው» ብላ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት ታምሲንና ጆዲ ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ፣ በራቸው ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቢጫ ወረቀት ታስሮ ነበር። ታምሲን ቆማ አነበበችው። ምክር ቤቱ ነው የለጠፈው። የጆዲ ቤት ቁጥር አለበት። «ያለፈቃድ የተሠራ የጀርባ ክፍል እንዲጸድቅ የቀረበ ጥያቄ» ይላል፤ አስተያየት ያለው ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲጽፍ ይጋብዛል።

«ያለፈቃድ» አለች ታምሲን።

ጆዲ የቦርሳዋን ማንገቻ ታጠባብቃለች። «አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

«አትፎግሪኝ፣ ጆዲ። ፈቃድ አለን ብለሽኝ ነበር።»

«አባዬ ነዋ እንደዚያ በይ ያለኝ!» ጆዲ ድምጿ ተሰበረ። «ምን ላድርግ? አያቴ ያኔ መጦሪያ ቤት ነበር። ከመታመሙ በኋላ ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ታች መኝታ ከሌለ ወደ ቤት አንልከውም አለ። በሄድን ቁጥር እጄን ይዞ ያለቅሳል፣ ታም። አባዬ ፈቃድ እስኪመጣ ብንጠብቅ እዚያው ይሞታል አለ።»

ታምሲን የጆዲን አያት፣ አባባ ዊልፍን፣ ታውቃቸዋለች። ጠዋቱ ጨለማ በሆነበት የብርድ ወቅት እናቷ መንገድ ማቋረጥ ስለማትችል፣ ሁለቱንም ልጆች እጅ ለእጅ ይዘው ትምህርት ቤት የሚያደርሷቸው እሳቸው ነበሩ።

«በናትሽ» አለች ጆዲ፤ «ጎረቤት ካልተቃወመ ነገሩ ያልፋል። እናትሽ ምንም እንዳትጽፍ ንገሪያት። እሺ?»

ታምሲን እሺም እንቢም አላለችም። አውቶቡሱ መጣ።

እናቷ መጻፍ የሚባለውን ነገር መስማትም አልፈለገችም። «ዊልፍን ከቤቱ ያስወጣሁ ሴት ልሁን?» አለች። «ደግሞ ምን ብዬ? ዓይኔ አያይም ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ላሳውቅ? ተይው።»

ታምሲን ለመተው ሞከረች። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ የሚበላው ሁሉ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ሆነ። እናቷ ወጥ ቤት መግባት አቆመች። ሳሎን ተቀምጣ ሬዲዮ ታዳምጣለች፤ ታምሲን ስትገባ «ራት ምን እናሙቅ?» ትላለች፣ ደስተኛ ለመምሰል ድምጿን ከፍ አድርጋ። የተቃጠለው እጅ እንኳ ለታምሲን ይህን ያህል አልከበዳትም።

ሐሙስ ዕለት ጆዲ የሙዚቃ ልምምድ ላይ ሳለች፣ ታምሲን የጎረቤቱን በር አንኳኳች። አባባ ዊልፍን ልታያቸው ነው። ከዚያ በላይ ያሰበችው ነገር አልነበረም።

አዲሱ ክፍል ሰፊ ነው። አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ወደ ጓሮ የሚያሳየው ትልቅ መስኮት፣ ሁሉም እዚያው ነው። አባባ ዊልፍ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው ወፎች ያያሉ። ግማሽ ፊታቸው ባይታዘዝላቸውም ሲያዩዋት ሳቁ።

«የኔ ልጅ! ነይ፣ ቁጭ በይ።» ቃሉ ከአፋቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። «እናትሽን ምን አድርጌያት ነው የፖም ኬኬን የከለከለችኝ? መጦሪያ ቤት እንኳ ትልክልኝ አልነበር?»

ታምሲን «ሥራ በዝቶባት ነው» ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«መጋገር አቁማለች» አለች። «ወጥ ቤቱ ጨልሞባታል። በቀደም እጇን ተቃጥላለች።»

«ለምን ጨለመ?»

ታምሲን በዓይኗ ግድግዳውን አሳየቻቸው። አባባ ዊልፍ ግድግዳውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ እንደገና ግድግዳውን አዩ። የሚሰራው እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ታምሲን!» ዳረን በሩ ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላየችውም። «የታመመ ሰው ፊት ምንድን ነው የምታወሪው?»

«ስለጠየቁኝ ነው፣ ጋሽ ዳረን።»

«ወደ ጓሮ ሦስት ሜትር ያለፈቃድ መሥራት ይቻላል። እኛ ትንሽ ጨመርን። አንድ ሁለት ሜትር ሰው ይገድላል?»

«ከመቆፈርዎ በፊት አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁን… እማ እኮ እንቢ አትልም ነበር። ከእኛ በኩል ትንሽ አሳጥሩት ብቻ ነበር የምትለው። አላወቅንም እኮ። ጆዲ ፈቃድ አለን አለችን፣ አመንናት።»

ዳረን ፊቱ ቀላ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለ።

ስትወጣ አባባ ዊልፍ «ዳረን» ሲሉ ሰማች፤ ቀጥሎ ያሉትን ግን አልሰማችም።

ያን ቀን ኮምፒውተሯን ከፍታ ለእናቷ ነገረቻት። «ልጽፍ ነው፣ እማ።»

«በእኔ ስም አይሆንም።»

«በራሴ ስም ነው።»

«ስምሽ ይወጣል። ጆዲም ታነበዋለች፣ ሁሉም ያነበዋል።»

«አውቃለሁ።»

እናቷ ሬዲዮውን አጠፋች። «የዊልፍንም ነገር ጻፊ እንግዲያው» አለች። «የእኛን ብቻ እንዳትጽፊ።»

ታምሲን ደጋግማ ጻፈች፣ ደጋግማ አጠፋች። የተላከው አጭር ነበር። ጎረቤታቸው ደረጃ የማያስወጣ መኝታ ክፍል እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከቤታቸው እንዲወጡ ማንም እንደማይፈልግ ጻፈች። እናቷ የምታየው በቀን ብርሃን ብቻ እንደሆነና ግድግዳው ያን ብርሃን እንደወሰደባት ጻፈች። ክፍሉ እንዳይፈርስ፣ በእነሱ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ እንዲያጥር ጠየቀች። ላከችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለጆዲ «ጽፌያለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው» ብላ መልእክት ሰደደች።

መልስ አልመጣም።

መልሱን ትምህርት ቤት አገኘችው። ጆዲ ምሳ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጣለች። ታምሲን ሳህኗን ይዛ ስትቀርብ አንዷ «እንዳታወሩ፣ ጆሮ ጠቢዋ መጣች» አለች፤ ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። ጆዲ አልሳቀችም። ግን ቦታም አልለቀቀችላትም። ታምሲን ብቻዋን በላች፤ ከዚያ ቀን በኋላም እንደዚያው።

ከምክር ቤቱ አንዲት ባለሙያ መጣች። ጓሮውን ለካች፤ ከዚያ የእነታምሲን ወጥ ቤት ገብታ «መብራቱን አጥፉልኝ» አለች። አጠፉላት። መካከል ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች፤ ማስታወሻ ይዛ ወጣች።

ውሳኔው ሲመጣ ምክር ቤቱ ክፍሉን እንዳለ አላጸደቀም። በእነታምሲን ድንበር ያለው ግድግዳ ርዝመቱ ወደ ሦስት ሜትር እንዲመለስ፣ ከድንበሩ የራቀው የክፍሉ ወገን ግን እንዳለ እንዲቆይ ፈቀደ። የአባባ ዊልፍ አልጋ ቦታ አያጣም። ሰፊው ክፍል ግን ጠባብ ይሆናል፤ ትልቁ መስኮትም ይነሳል። እናቷ ሲነበብላት አንገቷን ደፍታ ሰማች። «ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር» አለች።

ዳረን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ጠዋት የጡብ መጫኛ መኪና በራቸው ላይ ቆመ፤ ሠራተኞቹ ሸራና መጥረጊያ አወረዱ። ማፍረሱ ነገ ይጀመራል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ታምሲን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆዲ የአውቶቡስ ማቆሚያው መቀመጫ ላይ ነበረች። አውቶቡሱ ቢሄድም እሷ አልተነሳችም። ፊቷ በእንባ አብጧል። ታምሲን ልታልፋት ፈለገች፤ እግሯ ግን እንቢ አላት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን አገባሽ?»

ታምሲን አጠገቧ ተቀመጠች።

«አያቴ ማፍረሱ እስኪያልቅ ተመልሶ ይገባል» አለች ጆዲ መሬት መሬቱን እያየች። «መጦሪያ ቤቱ። ደረቱ አቧራ አይችልም። ፎቅ ደግሞ አይወጣም። ጥቂት ጊዜ ነው ብለን ነገርነው፤ አላመነንም። ልብሱን ሳስገባ አየኝ፤ ቃል አልተናገረም።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም» አለች ታምሲን።

ቤቷ ገብታ ከእናቷ ጋር ተነጋገረች። ረጅም ንግግር አልነበረም። ከዚያ ወጥታ የጎረቤቱን ደወል ደወለች።

የከፈተው ዳረን ነው። ጸጉሩ ላይ አቧራ አለ፤ ዕቃ እያነሳ እንደነበር ያስታውቃል። እሷ መሆኗን ሲያይ እጁን ከበሩ አላነሳም።

«ጋሽ ዳረን፣ ሥራው እስኪያልቅ አባባ ዊልፍ እኛ ጋ ይሁኑ። ሳሎናችን ሰፊ ነው፣ በሩ ደረጃ የለውም። መታጠቢያም ታች አለን። እማም ትፈልጋለች። ጆዲ በፈለገች ሰዓት መግባት ትችላለች።»

ዳረን አያት። ከውስጥ የአባባ ዊልፍ ቀርፋፋ ድምፅ «ማነው?» ሲል ተሰማ። ዳረን ለእሳቸውም ለእሷም አልመለሰም። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ታምሲን የተዘጋውን በር ጥቂት አየችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሳሎን ገባች፤ የሻይ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ አደረገች፤ ከዚያ ሶፋውን መግፋት ጀመረች። ከባድ ነው። እግሩ ወለሉን እየፋቀ ጮኸ።

«እሺ አለ?» አለች እናቷ ከተቀመጠችበት።

«ምንም አላለም።»

«ታዲያ ሶፋውን ወዴት ነው የምትገፊው?»

«እሺ ካሉ አልጋው እዚህ ጋ ነው የሚገባው።»

ጊል የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች። ተነሳች፤ በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጣች፤ የሶፋውን ሌላኛውን ጫፍ ፈልጋ ያዘች።

«አንድ ላይ» አለች። «‹አሁን› ስል አንሺ።»