ያልጠቆረው ፖም

ሽማግሌው በፖም ማቆያ ክፍላቸው ውስጥ፣ በሣጥኖቹ መሃል ተደፍተው ሞተዋል። አንዴ የተገመጠ ፖም እጃቸው ላይ አለ። መርማሪው ከመንገዱ ማዶ ካለው ጣቢያ ወዲያው ደረሰ። ከሬሳው ይልቅ ፖሙን ረዘም ላለ ጊዜ አየው፤ የተገመጠው ጎን ነጭ ነው። ከዚያው ሣጥን ሌላ አንሥቶ ገመጠና አጠገቡ አስቀመጠ።

«ሰው ሞቶ ትበላለህ?» አሉ ሚስቲቱ።

«ይቅርታ፣ እናቴ። ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አለ ልጃቸው። «በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር። ልባቸውን ያማቸው ነበር።»

«ከፍቼ ‹መግባት ይቻላል› የሚለውን ሰሌዳ ሰቅዬ ሄድኩ» አለ የማቆያው መካኒክ።

«ውሸታም! አንተ ነህ ያፈንከው!» አሉት ሚስቲቱ።

«እትዬ፣ እኔ? ጋሼን? እጄ ይቆረጥ!»

«በሩ ሲዘጋስ?» አለ መርማሪው።

«ኦክስጅኑን ከክፍሉ እናወጣለን» አለ መካኒኩ። « ፖሙ ሳያረጅ ለወራት ይቆያል። ሰው ግን ወዲያው ይወድቃል።»

«ምን ሊሠሩ ገቡ ታዲያ?»

«ጋሼ ሳይቀምሱ ፍሬ አይወጣም። ይሄ ክፍል ደግሞ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የያዘው ነው።»

መርማሪው ልጁን አየና ምነው የገደላቸው የልብ ሕመም በሆነ ብሎ ተመኘ። ቆይቶ ሦስቱንም ሰበሰባቸው። ሁለቱ ፖሞች እኩል ጠቁረዋል።

«የተገመጠ ፖም አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ቢሆን የእሳቸው ቀድሞ በጠቆረ ነበር። እኔ ስደርስ ነጭ ነበር፤ አሁን ከእኔው እኩል ሆነ። አየር የገባው ሬሳው ሲገኝ ነው ማለት ነው። ያገኛቸው ሰው በሩን ዝግ ሆኖ አግኝቶ ከፈተው፤ ለእኔ ግን ክፍት ነበር አለኝ።» ወደ ልጁ ዞረ። «ጥፋቱ የመካኒኩ ቢሆን ለምን ትዋሽለታለህ? እሱ ከፍቶ ሲሄድ አንተ መልሰህ ዘግተህ ኦክስጅኑን አስወጣህ። ሰሌዳውን ግን ማውረድ ረሳህ። አባትህ ሰሌዳውን አምነው ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።»

ልጁ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ጣዕሙ እንዳይደክምብኝ ብዬ… ልጠራቸው ስሄድ ተላለፍን። አንዴ እንኳ ‹ጎበዝ› እንዲሉኝ ነበር።»

መካኒኩ ፊቱን ሸፈነ። እናትየው ተነሡ። በጥፊ የሚመቱት መስሎ ነበር። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ኮት ከታች ጀምረው ቆለፉለት።

«ብርድ አይችልም» አሉ ለመርማሪው።