ያላሳየችው ካርታ

ዓይናዲስ ነዶውን ስትገለብጠው ከሥሩ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ጤፉ ጠቁሯል። አንዳንዱ ዘለላ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡቃያ ወጥቷል። ለመከመር የተጠራው ደቦ ዛሬ ነዶ እያገላበጠ ለፀሐይ ያሰጣል።

«ቢያዝን፣» አለ ጎረቤታቸው ጌታሰው፣ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ፤ «ያ የስልክ ደብተራችሁ ለሚካኤል ፀሐይ ነው ብሎ አልነበር?»

ደቦው ሳቀ። አባቷም አብሮ ሳቀ። «ስልኩ ዋሸን። ልጄ ምን ታድርግ? ያየችውን ነገረችኝ።»

ዓይናዲስ አቀረቀረች።

ባለፈው ማክሰኞ ነበር አባቷ የጠየቃት፤ ደቦው ሐሙስ ይጠራ ወይስ ሰኞ? ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከዚያ ቀዳሚትና እሑድ፣ ሁለቱም ሰንበት። በእነዚህ ቀናት መከር አይነካም።

ስልኳ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሁለት ሞዴሎችን ትንበያ ያሳያል። አንደኛው አገሩን በሰፋፊ ካሬ ከፋፍሎ ይቀባል፤ ቆላው አበርገሌና የእነሱ ደጋ አንድ ካሬ ውስጥ ገብተው ለዓርብ ፈዛዛ የዝናብ ሰማያዊ ለብሰዋል። ሁለተኛው በጥቃቅን ነጥብ ያሳያል፤ በእሱ ላይ ደማቁ ሰማያዊ ያረፈው ጎረቤት ወረዳው ጋዝጊብላ ላይ ብቻ ነው። የእነሱ ማሳ ነጭ ነው።

«ነጥቡ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ቦታውን በትክክል ያውቃል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አስተያዩ» ይሉ ነበር የጂኦግራፊ መምህሯ። አልረሳችውም።

ግን ሐሙስ የባዮሎጂ ፈተና ነበረባት። ደቦ ካለ ጠላ የምትቀዳው እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት መሄድ የለም። «ፈተና አለብኝ» ብትለው ምናልባት የአክስቷን ልጅ ትግስትን ያስጠራላት ነበር። አላለችውም። ነጩን ካርታ ብቻ ዘረጋችለት።

«ይዩት አባ፤ ዝናቡ ጋዝጊብላ ነው።»

«ነጩ እኛ ነን?»

«እኛ ነን።»

«እንግዲያ ሰኞ ይሁን።»

ዓርብ፣ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይመለስ፣ ዝናቡ ወረደ። ጋዝጊብላንም እነሱንም አልለየም።

ፈተናውን ጥሩ ሠርታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ከእንግዲህ ጉልበቴን ጠይቁት፣» አለ ጌታሰው፤ «ሲቆረጥመኝ ዝናብ ነው። ቻርጅም አይፈልግ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አባቷ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ከእጇ ነዶውን ተቀበላት። «አይክፋሽ፤» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ለዘር የሚሆን አይጠፋም። ገለባውንም ከብት ይበላዋል።»

ቤት ሲገቡ፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ልትነግረው አሰበች። እሱ ግን የተሟገተላት በሰው ፊት ነው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቀና አለች። ጌታሰውም ሌሎቹም በሚሰሙበት ድምፅ፣

«አባ፣» አለች፤ «ስልኩ አልዋሸም። ሌላ ካርታ ነበረው። እኔ ነኝ ያላሳየሁዎት።»