የተቀየረው ፓስዎርድ

ኢፍቱን ከዋይፋዩ ካስወጣቻት በኋላም ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞሯን አላቆመችም።

ሰምሃል የአባቷን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ አፍጥጣ ታያታለች። የፊዚክስ ቪዲዮ ነው። አስተማሪው ጠመኔውን እንዳነሳ፣ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል። ክቧ ግን ፊቱ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

«ዛሬም ይዞራል?» አለ አባቷ አቶ አባዲ ከሶፋው ላይ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል። «እኔም አንዲት ኢሜይል ከጠዋት ጀምሮ እየላክሁ ነው። በቃ፣ ሰኞ ሄጄ አስቆርጠዋለሁ። ለማይሠራ ነገር ምን አስጨነቀኝ?»

ሰምሃል ደነገጠች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደርሷል፤ ግማሹ ጥናቷ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ኢፍቱ ከወጣችም በኋላ ኔቱ የሚያዘግም ከሆነ፣ ጥፋቱ የኢፍቱ አልነበረም ማለት ነው።

ኢፍቱ የጎረቤታቸው የእትዬ ሸዋዬ ልጅ ናት። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቤቶቹ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ የነሰምሃልና የነኢፍቱ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም። መስከረም ላይ ሰምሃል የዋይፋዩን ፓስዎርድ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤ ለወላጆቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ኢፍቱ በእነሱ ግቢ በኩል ግድግዳው ሥር ባልዲ ገልብጣ፣ እሱ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ዋይፋዩ ከዚያ ወዲያ አይደርስም።

ሰሞኑን ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ሲያበዛ፣ አባቷ እራት ላይ «አንድ ሰው ይሄን ኔት ጥርግ አድርጎ እየበላው ነው!» ብሎ ተቆጣ። ሰምሃል የኢፍቱን ነገር የደረሰበት መሰላት። በማግስቱ ፓስዎርዱን ቀየረችው፤ አዲሱን በቤቱ ስልኮችና በላፕቶፑ ላይ ራሷ አስገባችው። ራውተሩን የሚያስተካክሉበትን ገጽ እንዴት እንደሚከፍቱት ከዩቲዩብ ተምራለች፤ አባቷም እንዲህ ያለውን ነገር ለእሷ ከተወው ቆይቷል። ኢፍቱ «ኔቱ እምቢ አለኝ እኮ» ብላ ስትጠይቃት፣ «ውይ፣ መስመሩ ተበላሽቶ ነው። እኛም የለንም» አለቻት። ውሸቱ ቀልጠፍ ብሎ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት።

አሁን በሩ ተንኳኳ። ሰምሃል ወጣች። ኢፍቱ ናት፤ ግንባሯ በላብ ረጥቧል፣ በእጇ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዛለች።

«ጀለስ! ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ሄጄ መምጣቴ ነው» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ኢንተርኔት ካፌው ጢም ብሏል፤ አቦ፣ ወረፋው! የሞዴል ፈተናዎቹን በሙሉ ፕሪንት አስደረግኳቸው። እና... ማለቴ፣ አንቺም ኔት የለሽም አይደል? ሁለት ሁለት ኮፒ አድርግልኝ አልኩት። እንኪ ያንቺን።»

ሰምሃል ወረቀቶቹን ተቀበለች። ገና ከማሽኑ እንደወጡ ለስላሳ ናቸው። ከላይኛው ገጽ ጥግ ላይ ኢፍቱ በእስክሪብቶ «የሰሚ» ብላ ጽፋ፣ ምላሷን ያወጣች ልጅ ሥላበታለች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም። ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ መስመሩ ይሠራል። በቃ ልሂድ፣ እማዬ ሱቅ ጠብቂ ብላኛለች» አለችና ሮጠች።

ሰምሃል ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ኢፍቱ ብትሰድባት፣ ብታኮርፋት ይሻላት ነበር።

ወደ ቤት የተመለሰችው በእልህ ነው። ቢያንስ ይሄ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት። ራውተሩን አጥፍታ አበራችው። ጥቂት ደቂቃ ጥሩ ሠራና እንደገና ደከመ። ኬብል ፈልጋ ላፕቶፑን በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኘችው፤ ያው ነው። የአባቷን ስልክ ሞከረች፤ እሱ ደግሞ ብሶበታል።

«መስመሩ ይሆን እንዴ አባዬ?»

«ቴሌ ደውዬ አስፈትሼዋለሁ፤ መስመራችሁ ደህና ነው አሉኝ።»

መስመሩ ደህና ነው። ላፕቶፑም ስልኩም በአንድ ጊዜ አይታመሙም። የቀረው መሃል ላይ ያለው ራውተር ብቻ ነው።

«እማዬ፣ መንቀራፈፍ የጀመረው መቼ ነው?» ስትል ወደ ጓዳ ተጣራች።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች እናቷ ወይዘሮ ትርሓስ፣ ሽንኩርት የከተፈችበትን እጇን እየጠረገች ብቅ ብላ። «በጾሙ ስብከቱን ሳይቆራረጥ ሰምቼዋለሁ። ከፋሲካ ወዲህ መሰለኝ የከፋው።»

ኢፍቱ ፓስዎርዱን ያገኘችው መስከረም ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ምንም አልነበረም። ታዲያ በፋሲካ ምን መጣ? ሰምሃል ቡፌውን አየችው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። የዲሹ ሪሲቨር ዳንቴል ለብሷል። ራውተሩም...

የራውተሩ ዳንቴል የእናቷ ኩራት ነው። ለፋሲካ ብላ ጾሙን ሙሉ የሠራችው፣ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ቢጫ፣ እስከ እግሩ የሚያለብስ፣ ለሁለቱ አንቴናዎች እንኳ ሁለት ቀዳዳ የወጣለት። የበዓል እንግዶች ቡና ሲጠጡ ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ እሱ ነበር ያወሩት። ጎረቤታቸው እትዬ አጸደ ለራሷም እንድትሠራላት ለምናለች። ራውተሩ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ሲቀመጥ ማንም አልጠረጠረውም።

ሰምሃል እጇን በዳንቴሉ ሥር ሰደደችና መልሳ ነጠቀችው።

«እማዬ! ይሄ እኮ ካውያ ሆኗል!»

«ምኑ?»

«ራውተሩ! ታፍኖ ነው። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍነሽበታል።»

«ታዲያ ራቁቱን ላስቀምጠው? አቧራ ይጠጣ?» አለች ትርሓስ ቅር ብሏት። ቀርባ ነካችውና ግን «ውይ!» ብላ ጣቷን ወደ ከንፈሯ ወሰደች።

ሰምሃል ዳንቴሉን በጥንቃቄ አወለቀችው። ራውተሩን አጥፍታ መስኮቱ ጋ ወሰደችውና፣ ከሥሩ አየር እንዲገባው ሁለት የክብሪት ቀፎ ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱም ጠበቁ። እስኪቀዘቅዝ ቆይታ ስታበራው መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ።

አስተማሪው ተናገረ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ተንቀሳቀሰ። ከሶፋው በኩል ደግሞ አቶ አባዲ «ሄደ! ሄደልኝ!» ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ። ትርሓስ ዳንቴሏን አጥፋ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ሳትወድ ሳቀች።

ከሰዓታት በኋላ ራውተሩ ሲግል እንደገና ማዛጋት ጀመረ። ሙቀቱ ሆድ ዕቃውን ሳይጎዳው አልቀረም። አቶ አባዲ ግን አሁን በሽታውን ስላወቀው አልተናደደም።

«ማስቆረጡ ቀርቷል» አለ። «ሰኞ ሜክሲኮ ወርጄ ሌላ እገዛለሁ። እስከዚያ መስኮቱ ላይ ያገግም።»

ሰምሃል ከደረቷ ላይ ትልቅ ድንጋይ ሲወርድ ተሰማት። ግማሹ ብቻ መውረዱንም ያኔ ነው ያወቀችው።

«አባዬ...» አለች። «ያን ቀን ‹አንድ ሰው ኔቱን እየበላው ነው› ያልከው... እኔ ለኢፍቱ ፓስዎርዱን ሰጥቻት ነበር።»

አባቷ እናቷን አየ። እናቷ አባቷን አየች። ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል እኮ!» አለች ትርሓስ። «ልጅቷ ባልዲ ላይ ተጎልታ የምትውለው ግድግዳችንን ወዳ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ‹አንድ ሰው› ያልከውስ?»

«አንቺን ነዋ!» አለ አባቷ እንባውን እየጠረገ። «ያን ሁሉ ተከታታይ ፊልም የሚጨርሰው ማን ነው? ኢፍቱማ ታጥና።»

ሰምሃልም ሳቀች። ስንት ቀን የተሸከመችው ፍርሃት ባዶ ነበር ለካ! ደስ አላት፣ እግሯ እስኪቀልላት ድረስ።

«ግን ሰሞኑን አላየኋትም» አለች ትርሓስ ዳንቴሉን እያየች። «ምን ሆና ነው?»

ሰምሃል ላፕቶፑን ከፍታ የራውተሩን ገጽ አወጣች። የድሮውን ፓስዎርድ ጻፈች። አንድ ጊዜ ብትጫን የኢፍቱ ስልክ ራሱ ይገናኛል። መስመሩ ተሠራ ብላ ታስባለች። ነገ ባልዲዋን ገልብጣ ትቀመጣለች፤ ማንም ምንም አያውቅም። እንዴት ቀላል ነው!

ጣቷ መጫኛው ላይ ቆየ። ከላፕቶፑ አጠገብ ካለው ወረቀት ላይ ያቺ ምላሷን ያወጣች ልጅ ታያታለች።

ጣቷን አነሳች። ገጹን እንደተከፈተ ትታ ወረቀቶቹን ይዛ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ አባቷ። «ኔቱ መጣልሽ አይደል?»

«ኢፍቱ ጋ ደርሼ ልምጣ። ላፕቶፑን እንዳትዘጋው፣ አልጨረስኩም።»

ኢፍቱ በእናቷ ሱቅ መስኮት ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ የሞዴል ፈተናውን ትሠራለች። ሰምሃልን ስታይ ፊቷ ፈካ።

«እሺ ጀለስ፣ መስመሩ ተሠራ?»

«መስመሩ አልተበላሸም ነበር» አለች ሰምሃል። «ፓስዎርዱን የቀየርኩብሽ እኔ ነኝ።»

ኢፍቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ካርቶኑ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀች።

«ግቢና ተቀመጪ» አለቻት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»